ሦስት ካርድ፣ አንድ የቤት ቁጥር

በለጡ ሀብተወልድ ሐረር ተወልዳ፣ ሐረር ተድራ፣ ባሏንም ሐረር የቀበረች ሴት ናት። አያቷ ድሮ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች ጋር መጥተው በዚያው የቀሩ ሲሆኑ አባቷ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ ነበሩ። እሷ ደግሞ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራ፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብላ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሆነች። ንጉሡ ሲወርዱ እዚያው ነበረች፤ ደርግ ሲመጣም እዚያው ነበረች። ቀድሞ ካርዱን የጣለ ሰው ሲመጣባት «የመንግሥትን ወረቀት መጫወቻ አደረግኸው?» ትለው ነበር። ከአብዮቱ በኋላ «የሰፊውን ሕዝብ ወረቀት» ማለት ጀመረች። ከዚህ ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ካርድ ጣልኩ ማለት ለበለጡ ልጄን ገበያ ውስጥ ጣልኩ እንደ ማለት ነበር። የጣለውን ሰው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ቀበሌውን፣ የቤት ቁጥሩን እያስደገመች፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ ታሳፍረዋለች። ፈረስ መጋላ የሚውሉ ሾፌሮች «ለበለጡ ካርድ ጠፋብኝ ከምል ወባው ይግደለኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ጆሮዋ ደርሷል። የተቆጣች መስላ ብትሰማውም ልቧ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ሰው የሚፈራው ነገር ሲያጣ ሥራ ይበላሻል ብላ ታምናለች።

የሠራችበት መስኮት ማን እንደ ሠራው አይታወቅም እንጂ ሠሪው ሰው አይወድም ነበር። ከወገብ ከፍ አይልም፤ ስፋቱም አንድ ክንድ አይሞላም። በሽተኛው ጎንበስ ብሎ ስሙን ይናገራል፣ እጁን ያስገባል፣ ካርዱን ይቀበላል። በለጡ ፊት አታይም፤ የምታየው እጅ ነው። የምታከብረውም አንድ ሕግ ነበራት። በካርዱ ራስጌ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይጻፋሉ፤ ከሥራቸው አንድ ወፍራም መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ በላይ ያለው የእሷ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው የሐኪሙ ነው፤ ለአፍታ እንኳ ዓይኗን አትጥልበትም። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ከመስመር በታች አንድም ቃል አላነበበችም፤ በዚህም ትኮራለች።

ታዲያ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ፣ ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ካርዶቹን ስታስተካክል አንድ ነገር አየች። ሦስት ሴቶች፣ ቀበሌያቸው አንድ፣ የቤት ቁጥራቸው አንድ። ሙሉመቤት ወልደሚካኤል፣ ሃያ ስድስት ዓመት። ወለተ ሥላሴ አሰፋ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። አመለወርቅ ግርማ፣ ሃያ ሰባት ዓመት። በእርግጥ ጀጎል ውስጥ በአንድ በር የሚገባበት ግቢ አራትና አምስት ቤተሰብ ይይዛል፤ የቤት ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። በለጡ ግን የሦስቱም ድምፅ ትዝ አላት። ሦስቱም «አዲስ ነኝ» ብለው የተናገሩት በዚያው ለሆሳስ ባለ ድምፅ ነበር።

ያን ጊዜ የመሰላትን ነገር ማንም ሌላ ሰው አይመስለውም። አንዲት ዝርክርክ ሴት ካርዷን እየጣለች፣ የእኔን ቁጣ ፈርታ በመጣች ቁጥር ስም እየቀየረች አዲስ ካርድ ታወጣለች፤ ይህ ነው የመሰላት። በዓለም ላይ ሴት የምትፈራው ሌላ ነገር ያለ አልመሰላትም። ከመስመሩ በታች ዝቅ ብላ ብታነብ ኖሮ ነገሩ ይገባት ነበር፤ ግን ሕግ ሕግ ነው።

በማግሥቱ መምህር ኃይለመስቀል ለጨጓራው መድኃኒት መጣ። መምህር ኃይለመስቀል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰላምታው ከወገቡ ዝቅ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ። የበለጡን ልጅ ማርታን ለሚኒስትሪ ፈተና ከትምህርት ሰዓት ውጭ በነፃ አስጠንቷታል፤ ልጅቱም አለፈች። በዚህ የተነሣ በለጡ ስሙን ስትጠራ እንኳ ቀና ብላ ነው የምትቀመጠው። ካርዱን ልታወጣ ስትል የቤት ቁጥሩ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ያው የትናንቱ ቁጥር ነው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከእርስዎ ግቢ ካርድ እየጣለች ስም የምትቀያይር ሴት አለች» አለችው። «ሙሉመቤት፣ ወለተ ሥላሴ፣ አመለወርቅ! ሦስት ካርድ በአንድ ዓመት! ያውቋት ከሆነ ቢመክሩልኝ።»

መምህሩ ሳቅ አለ።

«የእኔዋ ናት፣ እትዬ። አመለወርቅ ብለው ያወጡላት እናቴ ናቸው፣ ሙሽራ ሆና ስትገባ። ወለተ ሥላሴ የክርስትና ስሟ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይሆን እንዲህ የምታደርገው?»

«ልጅነት ነዋ። ሦስት ጊዜ መጥታለች ማለት ነው?»

«ካርዱ ሦስት አይደል!»

«እኔ ደግሞ ከጎረቤቷ ጋር ጊደር መጋላ ገበያ ሄደች እል ነበር» አለ ኃይለመስቀል፣ አሁንም በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «አይዞዎት፣ እትዬ በለጡ። እመክራታለሁ።»

መድኃኒቱንም ሳይቀበል ሄደ። በለጡ ሦስቱን ካርዶች በክር አስራ ለብቻቸው አስቀመጠቻቸው። ሥራዋን የሠራች መስሏት ነበርና በዚያ ቀን ወደ ቤቷ የገባችው ደስ ብሏት ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት መምህሩ ሚስቱን በጃንጥላ ሥር ደግፎ ይዟት መጣ። ዝናብ አልነበረም። «ከቆጥ ደረጃ ወደቀች» አለ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ። «በሙሉመቤት ይሁንልኝ፤ ሌላውን ስም እንኳ ትታዋለች።» በለጡ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ የታሰሩትን ሳትፈታ በአዲስ ካርድ ጻፈችላት። ያን ሳቅ ኋላ ላይ ስታስበው ብዙ ጊዜ ፊቷን በእጇ ትሸፍን ነበር።

የዕለቱ ተረኛ ጤና ረዳት ሳኒ ነበር። ሳኒ ከአሰበ ተፈሪ ተዛውሮ ከመጣ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁን አሥር ጊዜ የሚታጠብ ልጅ። እሱ ወደ ውስጥ ካስገባቸው በኋላ ጥቂት ቆይቶ መምህሩ አንዲት ታጥፋ በፕላስተር የታሸገች ወረቀት ይዞ ወደ በለጡ መስኮት ተመለሰ። «ይህን ማኅተም አስመትተው ይምጡ ብሎኛል» አላት። በለጡ ወረቀቷን ዘረጋቻት። «እትዬ በለጡ፣ ሰውዬውን ሩብ ሰዓት ያቆዩልኝ» ይላል በሳኒ እጅ ጽሕፈት። ሌላ ነገር የለበትም።

ለምን እንደሆነ አልገባትም። ቢሆንም ሐኪም የጻፈው ከመስመር በታች ነውና አልጠየቀችም። በሐረር ከተማ በፍጥነቷ የታወቀችው ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየች። የማኅተሙ ቀለም ደረቀ አለች፤ ፈለገች። የተወለዱበት ወረዳ አልተሞላም አለች፤ ጠየቀች። ሰውዬው እየቆየ አንድ እግሩን ማንሣትና ማሳረፍ ጀመረ። «መርፌ ትፈራለች፣ አጠገቧ ብሆን ይሻላል» አለ። ደጋግሞ አለ። በለጡ ጎንበስ ብላ በዝቅተኛው መስኮት በኩል ፊቱን አየችው። ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም፤ ተዘግቶ የቀረው በር ላይ ነበር። የሚያየው ሚስቱ የታመመችበት ሰው በሚያይበት ዓይን አልነበረም። ያን ጊዜ ያገኘችውን ቀለም መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ሙሉመቤት ክንዷ ተሰብሮ ነበርና ወደ ሆስፒታል ተላከች። ሳኒ እጁን እያደረቀ ወደ ካርድ ክፍል ገባ።

«ሌላ ካርድ አላት መሰለኝ» አለ።

በለጡ በክር የታሰሩትን ሦስቱን ሰጠችው። ቀደም ሲል ያከሟት ሁለቱ ባለሙያዎች አንዱ ወደ ኦጋዴን፣ አንዱ ወደ ባሌ ተዛውረዋል፤ የጻፉት ግን አለ። ሳኒ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከመስመሩ በታች ያለውን አነበበላት። በአንደኛው ካርድ፣ በር መታኝ ብላለች፤ ከንፈር ሦስት ስፌት። በሁለተኛው፣ ከመደብ ወደቅሁ ብላለች፤ ሁለት የጎን አጥንት። በሦስተኛው፣ ሻይ ፈሰሰብኝ ብላለች፤ ጀርባ ተቃጥሏል።

«ሻይ እንዴት አድርጎ ነው ጀርባ ላይ የሚፈስሰው?» አለ ሳኒ። «ከደረጃ የወደቀ ሰው መዳፉና ጉልበቱ ይላጣል። የእሷ መዳፍ ንጹሕ ነው። የጠቆረው የክንዷ የውስጠኛው ወገን ነው፤ ሰው ጨምድዶ ሲይዝ የሚጠቁረው ቦታ። ደግሞ ስለ እሷ የምጠይቀውን ሁሉ የሚመልሰው እሱ ነው። ሚስት ባሏ አጠገቧ ቆሞ ማን መታሽ ብትባል ምን ትላለች? ለዚህ ነው ያቆዩልኝ ያልኩዎት።»

«ነገረችህ?»

«ነገረችኝ። ጎረቤቷ አይሻ የምትባል የቅመም ነጋዴ ናት፤ ገበያ እንሂድ እያለች ተደብቀው ነበር የሚመጡት። ካርዱ ተደራርቦ ሰው እንዳያውቅባት በሦስት ስም አወጣች። አሁን አንድ ሰው የካርዶቹን ነገር ለባሏ ነግሮባታል። ‹ለመንግሥት ማስረጃ እያጠራቀምሽብኝ ነው› ብሎ ነው የሰበራት።»

«ማን… ማን ነገረው?» አለች በለጡ።

«ከአይሻ በቀር የሚያውቅ የለም ትላለች።»

በለጡ «እ» ብቻ አለች። ሳኒ ወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ የሌላ ሰው ክንድ ሊሰበርበት እንደሚችል ግን ያን ቀን ነው የገባት። አፈረች። እፍረቷን ለሳኒ መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም። የበሽተኛ ነገር ከካርድ ክፍል ከወጣ ከሥራ የሚያባርር ጥፋት ነው። ማርታ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት። ክንዱ አንዴ ተሰብሯል፣ እኔ ብናገር አይጠገን፣ ዝም ማለቴ ማንንም አይጎዳ ብላ ራሷን አባበለች። ሰው ራሱን ሲያባብል ቃል አያጥረውም።

በዚያ ክረምት ከተማው አንድ ወሬ አወራ፤ በለጡ ታማለች። ካርድ ጠፋብኝ ያላትን ሁሉ ምንም ሳትል አዲስ ትሰጠዋለችና ነው። ሾፌሮቹ ቀልዳቸው ስለ ጠፋ አዘኑላት። እሷ ግን ሌላ ሥራ ጀምራ ነበር። ባሏ ካጠገቧ የማይለይ ሴት በመጣች ቁጥር ሳኒ ወረቀት ሳይልክባት ራሷ ባልየውን ትጠራዋለች፤ ማኅተም ትፈልጋለች፣ ወረዳ ትጠይቃለች። በሦስት ወር ውስጥ አምስት ባሎችን አቆየች። ከአምስቱ ሦስቱ በእውነት ሚስታቸው የታመመችባቸው ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ቢቆዩም አልተቆጡም።

ሙሉመቤት ከሆስፒታል ስትወጣ ትንሽ ልጇን ይዛ ከግንቡ ውጭ አንዲት የአገሯ ሰው ዘንድ ተጠጋች። ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎም አመለከተች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ ከባሏ እንድትለያይና ልጅቱ ከእሷ ጋር እንድትሆን። ሸንጎው በመስከረም፣ በዕለተ እሑድ ተሰየመ። ሳኒ ለመሐላ ተጠርቶ ስለ ክንዱ ሊናገር፣ በለጡ ደግሞ ሦስቱን ካርዶች ልታስረክብ ሄደች። ከእሷ የሚፈለገው ይኸው ነበር፤ ወረቀት ሰጥቶ መቀመጥ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መምህር ኃይለመስቀል ሦስት የአገሩን ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። በትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ሚስቱ ፊት ሲደርስ ከነድንጋዩ ተንበረከከ። «አንድ ጊዜ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ፣ አንድ ጊዜ እጄን አነሣሁ» አለ። «ለአንድ ጊዜ ጥፋት ቤቴ አይፍረስ፣ ልጄ አትበተን።» ድምፁ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ፤ ድንጋይ የተሸከመን ሰው አለመማር ደግሞ ከእግዜርም ያጣላል» አሉ። ነገሩ ወደ ዕርቅ እያዘነበለ እንደ ነበር ማንም ያያል። ሙሉመቤትም አየችው። በጀሶ የቆየ ክንዷ መንምኖ፣ በደህናው እጇ ደግፋው፣ መሬት መሬት ታይ ነበር።

የሸንጎው ሊቀመንበር አቶ ተክለጻድቅ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሰው ናቸው። ሳኒ ስለ ክንዱ ሲጨርስ ሦስቱን ካርዶች ተቀብለው በመነጽራቸው አነበቡ።

«አመልካች አንድ ጊዜ አይደለም አራት ጊዜ ነው ትላለች። ለዚህ ማስረጃዬ ብላ የጠቀሰችው እነዚህን ካርዶች ነው» አሉ። «ነገር ግን በስሟ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በር መታኝ ይላል።»

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ ኃይለመስቀል ድንጋዩን እንደ ያዘ፣ «በእኛ ግቢ አራት ቤተሰብ አለ፤ እንግዳም ሠራተኛም ይመጣል። የእኔ ሚስት ስሟ በቀበሌው መዝገብ ያለው ሙሉመቤት ነው። ወለተ ሥላሴና አመለወርቅ የሚባሉ ሴቶችን አላውቅም።»

«አብራሽ ጤና ጣቢያ የሄደች ምስክር አለሽ?» ተባለች ሙሉመቤት።

ከንፈሯን ነከሰች። «የለኝም» አለች።

በለጡ ነገሩ ወዲያው ገባት። ምስክር አላት፤ አይሻ። አይሻን ያልጠራቻት ስላስቀየመቻት ነው፤ ያስቀየመቻትም አይሻ ያላደረገችውን በእሷ ላይ ስላሳበበች ነው። ዝም ማለቴ ማንንም አይጎዳ ብላ ነበር። አሁን ይህች ሴት ልጇን ይዛ ከዚህ ድንጋይ ተሸካሚ ጋር በአጃቢ ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው።

«ወይዘሮ በለጡ» አሉ አቶ ተክለጻድቅ፣ «ካርዶቹን የሰጡት እርስዎ ነዎት። ሦስቱ አንድ ሴት ናቸው?»

«በመስኮቴ ፊት አይታይም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንግዲያው አያውቁም። ይቀመጡ።»

አልተቀመጠችም።

«አውቃለሁ» አለች። «የነገረኝ መምህር ኃይለመስቀል ነው። ሰኔ ላይ ለጨጓራው መድኃኒት ሲመጣ፣ ሦስቱን ስሞች ራሴ ነገርኩት። ሚስቱ መሆኗን አላውቅም ነበር፤ ካርድ የምትጥል ሴት መስላኝ ነበር። ‹የእኔዋ ናት፤ አመለወርቅ ያሏት እናቴ ናቸው፣ ሙሽራ ሆና ስትገባ፤ ወለተ ሥላሴ የክርስትና ስሟ ነው› አለኝ። ‹እመክራታለሁ› አለኝ። በአምስተኛው ቀን ክንዷን ሰብሮ አመጣት። ያስሰበርኳት እኔ ነኝ።»

የተናገረችው ቃል ወር ሳይሞላ ከመስኮቷ አስነሥቶ ፋሻ መቀቀያ ክፍል ያስገባታል፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ያስጽፍባታል። እሷም ይህን ስትናገር ታውቀው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን የሚያየው ኃይለመስቀልን ነው።

«ሐሰት ነው!» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ይህችን ሴትዮ ማን አስጠንቷት ነው?»

«እናትዎ ጎጃም ናቸው ወይስ እዚህ?» አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

«ጎጃም።»

«ታዲያ ምራታቸውን በምን ስም እንደሚጠሯት ይህች የሐረር ሴት ከየት አመጣችው?»

ኃይለመስቀል ድንጋዩን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች አዞሩ። «ከእናንተ ሠርጉ ላይ የነበረ አለ?»

ቀድሞ ስለ ድንጋዩ የተናገሩት አዛውንት ለረጅም ጊዜ በከዘራቸው መሬቱን ጫሩ። ለማስታረቅ የመጡ ሰው ናቸው፤ ለመመስከር አልነበረም። መጨረሻ ላይ «ነበርኩ» አሉ። «ከሙሽሮቹ ጎን ነበር የተቀመጥኩት። አማቷ አመለወርቅ ነው ያሏት። ልዋሽ አልችልም።» ከዚያም ወደ ኃይለመስቀል ዘወር ብለው «አንድ ጊዜ ነው ብለህ ነው ያመጣኸኝ» አሉትና ቆባቸውን አንሥተው ወጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው።

ዕርቁ በዚያው ቀረ። ሸንጎው መለያየቱን ወደ በላዩ ፍርድ ቤት መርቶ፣ ልጅቱ ከእናቷ ጋር እንድትሆን፣ ሰውዬውም ቤቱን እንዲለቅ ወሰነ። ድንጋዩን አዳራሹ ውስጥ ጥሎት ነው የሄደው፤ ዘበኛው በእግሩ ገፋ አድርጎ ከበሩ ጎን አስቀመጠው።

በለጡ ውጭ ጥላ ሥር ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ ሙሉመቤት መጣች። ከቅርብ ፊቷን ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር። ከንፈሯ ላይ የሦስቱ ስፌት መስመር ነጥቶ ይታያል።

«እትዬ በለጡ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ማን ነገረህ ስለው ‹አጥር የምትጋሪያትን ጠይቂ› አለኝ። አመንኩት። ሌላውን ሁሉ ሳላምነው ይህን አመንኩት።» ድምፅዋ ያው ለሆሳስ ያለው ድምፅ ነው። «አይሻ ሆስፒታል ሾርባ ይዛ መጣች፣ ፊቴን አዞርኩባት። የተጠጋሁበት ቤት ሁለት ጊዜ መጣች። ‹ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እህቴ› እያለች ደጅ ላይ ስታለቅስ በሩን ዘጋሁባት። ሦስት ወር ሙሉ!»

«እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር…» ብላ ጀመረችና በለጡ ተወችው፤ ሳኒ የዚያን ቀን ነግሯት ነበርና። «አውቅ ነበር» አለች። «በአይሻ እንዳሳበብሽ አውቅ ነበር። ለእንጀራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን አብሬሽ ልሂድና እኔ ልንገራት።»

ሙሉመቤት አየቻት። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ለበለጡ ይሻላት ነበር።

«ለኔ ዛሬ ተናግረውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ክንዴም ድኗል። የአይሻን በር የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ፤ የማንኳኳውም እኔው ነኝ።»

ልጇን በደህናው እጇ ይዛ በግንቡ በር ገብታ ቁልቁል ወረደች። በለጡ ከኋላዋ ትንሽ ተከተለቻት፣ ለምን እንደምትከተል ሳታውቅ። ሙሉመቤት ጠባቡን መንገድ ጨርሳ አንድ አረንጓዴ በር ፊት ቆመች። የልጇን እጅ ለቅቃ ለማንኳኳት እጇን አነሣች፤ መልሳ አወረደችው። እንደገና አነሣች፤ አሁንም አወረደችው። ባሏን ለመክሰስ ያልፈራች ሴት እዚያ በር ላይ ፈራች። በመጨረሻ ልጅቱ ናት በትንሿ መዳፏ በሩን መምታት የጀመረችው፤ «አይሻ! አይሻ!» እያለች።

ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። በለጡ በሩ ሲከፈት ለማየት አልቆመችም።